ባለቤት የሌላት ኦቫሪ

ማክሰኞ፣ የካቲት 4

የፊዚክስ ፈተና ነበር። ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ተኛሁ። አባባል አይደለም... እውነት ተኛሁ። አስተማሪው ዴስኬን አንኳኩቶ «ንግሥት ሆይ፣ ቁርስ ይቅረብ?» አለኝ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። «ትንሽ ቆይቼ» አልኩት። እንደገና ፈረሰ። እሱ ብቻ አልሳቀም።

ቤት ስገባ አጎቴ ሶፋው ላይ፣ የኔ ቦታ ላይ። የእማዬ ታላቅ ወንድም ነው። ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ትኬት ተቆጣጣሪ። ጡረታ የወጣው ግን ከአውቶቡሱ ነው እንጂ ከመቆጣጠሩ አይደለም። ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ መብራቱን ማን አበራ... አባቴ ከሞተ ወዲህ ቤታችን የሱ መስመር ሆኗል። በአፌ አንቱ እለዋለሁ፣ እዚህ ወረቀት ላይ ግን አንተ ነው። ተቆጣጣሪው። እዚህ ገብቶ ትኬት አይጠይቅ።

ምሳ ላይ ያችኑ ታሪክ ደገማት። ባልየው የሚስቱን ትኬት ኪሱ ከትቶ አንድ ፌርማታ ቀድሞ ይወርዳል። ሚስትየዋ «ባሌ ጋ ነው» ስትል የኛ ጀግና በቅጣት ያስከፍላታል። ከዚያ ጣቱን ወደ ጣሪያው ያነሳና፦ «ትኬት በባለቤቱ እጅ!» እማዬ መቶ ጊዜ ሰምታው መቶ ጊዜ «እውነትህን ነው ጋሼ» ትላለች።

«አንገትሽ ላይ ያ ምንድን ነው?» አለኝ ድንገት።

«አንገት ነው ጋሼ።»

«እብጠቱን ነው የምልሽ!»

«እሱ ፊዚክስ ነው። ሳጠና አበጠ።»

እማዬ ከኩሽና፣ «ኧረ ተይ አንቺ ልጅ!»

ጣቱን ዘርግቶ ጫን አደረገው። ሳያስፈቅድ። እብጠቱ አያምም። ጣቱ ነው የሚያመው።


ሐሙስ፣ የካቲት 6

ሆስፒታል። ሐኪሙ ፊት ሦስት ወንበር፣ እኔ መሀል።

«ልጅቷ ማታ ማታ ያልባታል?» ለእማዬ።

«ልጅቷ ኪሎ ቀንሳለች?» ለተቆጣጣሪው። እሱ ደሞ መዝኖኝ እንደሚያውቅ ሁሉ «በጣም» ብሎ መለሰ።

እኔ እዚያው ነኝ እኮ። ጉልበታቸው ጉልበቴን ይነካል። ልጅቷ ማን ናት? ከኔ ኋላ የቆመች ሌላ ሰው አለች እንዴ? ዞር ብዬ አየሁ። የክብደት ሚዛን ብቻ።

«ዕድሜዋ?»

«አሥራ ሰባት» አለ ተቆጣጣሪው።

አሥራ ስምንት ነው። ባለፈው ወር ሞላኝ። ያን ቀን ትኩሳት ይዞኝ ኬክ ስላልተገዛ አልቆጠሩትም መሰለኝ። አላረምኩትም። ልጅቷ ታርመው።

ከእብጠቱ ለምርመራ ቆንጥረው ወሰዱ።


ሐሙስ፣ የካቲት 13

ካንሰር። የንፍፊት ዕጢ ካንሰር ነው አሉ።

ቃሉ ሲወጣ ክፍሉ ውስጥ የሰማሁት የእማዬ ቦርሳ መሬት ሲወድቅ ነው። ተቆጣጣሪው ብድግ ብሎ ቆመ። «እርግጠኛ ነህ? በማን ፈቃድ?» ካንሰሩ ያለ ትኬት የተሳፈረ ይመስል።

ይድናል አሉ። ብዙ ሰው ይድናል። ኬሞ የሚባለው መድኃኒት ከሰኞ ሳምንት ይጀመራል፣ ከዚያ በላይ አይጠበቅም። ፀጉር ይረግፋል፣ ያስመልሳል።

ከዚያ ሐኪሙ ጉሮሮውን ጠረገ። «ሌላም ጉዳይ አለ...»

«ልጅቷ ውጪ ትቆይ» አለ ተቆጣጣሪው።

ወጣሁ። አግዳሚ ወንበር ላይ። ነጭ ገዋን የለበሰች ቀጭን ሴትዮ አጠገቤ አለፈች፣ ገባች፣ ትንሽ ቆይታ ወጣች። ሰላምታ የለ፣ ፈገግታ የለ። አልፋኝ ስትሄድ ብርድ ብርድ አለኝ። ወይዘሮ በረዶ አልኳት በሆዴ።

በሩ ቀጭን ነው። ግማሹን ሰማሁ። መድኃኒቱ እንቁላሎቿን ሊያቃጥል ይችላል... ከኦቫሪዋ፣ እንቁላል ከሚያቅፈው አካል፣ ቁራጭ ቀድመን ብናወጣ... እናቀዘቅዘዋለን... ላብራቶሪ ውስጥ የማሳደግ ሙከራ... መጀመሪያ በላም... እና የተቆጣጣሪው ድምፅ፣ በየመሀሉ፦ «ዘር! ዘር ነው ዋናው!»

ገና ሳልታከም የልጅ ልጅ እየቆጠሩ ነው። የኔን ዕድሜ ሳያውቅ የልጆቼን ሊያውቅ!

ቤት ስንደርስ ለእማዬ መግለጫ ሰጠ። እዚያ እያለን እሷ ለቅሶ ላይ ስለነበረች ሐኪሙን አልሰማችውም ነበር። «ያቺ የላብራቶሪዋ ሴትዮ እምቢ ብላለች። የናሙናው ባለቤት ካልተስማማ አንነካም ነው የምትለው።»

«ባለቤት?»

«ባል! ባል ነዋ! ባለቤቱ ቀርቦ ካልፈረመ አይሆንም። ሕግ ነው አለች።»

«እናቷ ነኝ እኮ... አልበቃም?»

«አልበቃሽም። ባለቤት አለች፣ ባለቤት ነው።»

እማዬ እንደገና አለቀሰች። እኔ... ምን ልበል? ቀለለኝ። ባል የለኝም፣ በቃ፣ ሆዴን አይቀድዱትም። ተገላገልኩ። ማንም «ትፈልጊያለሽ ወይ?» አላለኝም እኮ። ቢሉኝስ ምን እመልስ ነበር? እስከ ትናንት ትልቁ ምኞቴ የፊዚክስ ፈተና መድገም ነበር።


ቅዳሜ፣ የካቲት 15

ደሜ እንደፈላ ነው የምጽፈው።

ተቆጣጣሪው መፍትሔ ይዞ መጣ። የድሮ ጓደኛው ሾፌር ልጅ አለው። የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ውስጥ የሚሠራ። ጨዋ። ሥራ ወዳድ። «ለወረቀት ብቻ ነው። ይፈርማል፣ ይሄዳል። ከዳነች በኋላ ከተስማሙ... እሱ የእግዜር ነው።»

ለወረቀት ብቻ! ባል እንደ ፎቶ ኮፒ!

እማዬን አየኋት። እምቢ በይ። አንዴ እንኳ። «ጋሼ ያውቃል» አለች ወለሉን እያየች።

«ጋሼ፣» አልኩት በጣም በትህትና፣ «እርስዎ ለምን አያገቡትም? ፊርማዎ ያምራል።»

ጥፊው አየር ላይ ቀረ። የታመመ ሰው አይመታም። ካንሰር ይሄ ጥቅም አለው ለካ።


እሑድ፣ የካቲት 16

መለዋወጫ መጣ።

ሶፋው ጫፍ ላይ፣ ለመነሳት እንደተዘጋጀ ሰው። ጥፍሩ ሥር ግራሶ አለ። ሲታጠብ ውሎ ያልለቀቀ። ሳቄ መጣ፣ ግን ተናድጄ ነበር። ታላላቆቹ «ተጫወቱ» ብለው ወደ ጓዳ ገቡ። በሩን ግን አልዘጉም።

«እንዴት ነሽ?» አለ።

«ካንሰር አለብኝ። አንተስ?»

«ደህና... ይመስገን።»

የቀረበለትን ለስላሳ ጎንጨት አለ።

«ስለ ላሟ ነገሩህ?» አልኩት ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

«የቷ ላም?»

«ላብራቶሪ ውስጥ የላም ኦቫሪ ነው የሚያሳድጉት። የኔንም እዚያው ጎን ነው የሚያስቀምጡት። አንድ ቁም ሳጥን። ስሙን ካልጻፉበት እንግዲህ...» ትከሻዬን ሰበቅኩ። «ወተት ትወዳለህ?»

ፊቱ ኖራ ሆነ። ለስላሳውን ሳይጨርስ ሄደ። ከበሩ ውጪ «እምቧ» ብዬ ሸኘሁት።

ተቆጣጣሪው ግን ከጓዳ ሰምቷል። የሰማውም ተረቡን አይደለም፣ ላሟን። «ከላም ጋር?! ከኛ ዘር ጋር ላም ሊቀላቅሉ?!» ሳቄን ዋጥኩ። አስረዳው ነበር... አላስረዳሁትም። ይቃጠል።


ማክሰኞ፣ የካቲት 18

ዛሬ ብዙ ነው የምጽፈው። እጄ እስኪዝል።

ለደም ምርመራ ሄድን። እማዬ ወረፋ ላይ ስትቆም ሾልኬ ወደ ግቢው ጀርባ። ላብራቶሪው ሬሳ ቤቱ አጠገብ ነው፣ ደስ የሚል ሰፈር። በሩ ላይ «ያለ ፈቃድ መግባት ክልክል ነው» ይላል። ተቆጣጣሪ አልነበረም፣ ገባሁ። ሐሳቤ አንድ ነበር፦ ጉዳዬን ዝጉት፣ ባል ፍለጋውም ይቁም።

«ቁሚ! ጫማ!»

ወይዘሮ በረዶ። ፊቷን እንኳ አላነሳችም። ጫማዬ ላይ የማጠልቀው የላስቲክ ካልሲ ወረወረችልኝ። ጠረጴዛዋ ላይ ሰፊ ቴርሞስ ተከፍቷል፣ ውስጡ ተምር የሚያካክሉ ነጣ ያሉ ነገሮች በውኃ ተኝተዋል።

«ምንድን ናቸው?»

«የላም ኦቫሪ። ዛሬ ጠዋት ከቄራ የመጣ። አትንኪ።»

አንዱን አንስታ ልጣጩን በስለት ስስ አድርጋ ገሸለጠችው። እንቁላሎቹ ያሉት ልጣጩ ላይ ነው፣ መሀሉ አይደለም። ይሄን የነገረችኝ ለማስተማር አይመስለኝም። ዝም እንድል ነው።

«ጉዳዬን ለማስዘጋት ነው የመጣሁት» አልኩና ስሜን ነገርኳት። «ባለቤት የለኝም።»

«ምን የለሽም?»

«ባለቤት። ባል።»

ስለቱን አስቀመጠች። መጀመሪያ ጊዜ አየችኝ። «ባል ማን ጠየቀ?»

«ባለቤቱ ካልተስማማ አንነካም ብለሻል... ብለዋል።»

«የናሙናው ባለቤት! ከሆድሽ ቆርጠን የምናወጣው የማን ነው? የጎረቤትሽ?»

«የኔ።»

«ታዲያ!»

እንዴት እንደሳቅኩ! ሆዴን ይዤ። እሷ አልሳቀችም። ባል ባለቤት፣ የሱቅ ጌታ ባለቤት፣ የውሻ ጌታ ባለቤት... ውሻም እንኳ ባለቤቱን ሲፈልግ ሊያገባው አይደለም እኮ! ተቆጣጣሪው ከዚያ ሁሉ መርጦ ባልን አነሳ። እኔስ? ሰምቼ አላመንኩትም? ለሁሉም ነገር መልስ ያለኝ እኔ... ራሴ ልሆን እንደምችል ላንድ ደቂቃ አላሰብኩም። ይሄ አናደደኝ። ከሱ በላይ በራሴ።

«ዕድሜሽ?»

«አሥራ ስምንት።»

«እዚህ አሥራ ሰባት ይላል።»

«ኬክ ስላልበሉ ነው።»

አልገባትም፣ ግን አስተካከለችው። «አሥራ ስምንት ከሆንሽ የማንም ፊርማ አያስፈልግሽም። እሺ በይ ወይ እምቢ በይ። ዓርብ ካላወጣነው መድኃኒቱ ይቀድመናል።»

«እምቢ።»

«ጥሩ። በሩን ዝጊው።» ወደ ላሟ ተመለሰች።

እንዲህ ይባላል? ትለምነኛለች ብዬ ነበር። በሩ ጋ ደርሼ ቆምኩ። «ለምን እንደሆነ አይጠይቁኝም?»

«አልጠይቅም።»

«መውለድ ላልፈልግ እችላለሁ።»

«አትውለጂ። እኔም አልወለድኩም፣ ደህና ነኝ።»

«ታዲያ ለምን ይቀመጣል?»

ትንፋሿን አወጣች፣ ዝንብ እንዳስቸገረው ሰው። ከማሞቂያ ሳጥኑ ውስጥ ትንሽ የመስታወት ሳህን አወጣችና ማይክሮስኮፑ ላይ አድርጋ በአገጯ ጠቆመችኝ። ጎንበስ አልኩ። ክብ ነገር። ክብ ውስጥ ሌላ ክብ። ዙሪያውን ጥቃቅን ዶቃ የመሰሉ ሴሎች ከበውታል፣ ተጠጋግተው፣ የሚጠብቁት ይመስላሉ። ባለፈው ሳምንት ነጥብ ነበረች አለችኝ። ጎኗ ደግሞ የጠቆሩ አሉ።

«እነዚህስ?»

«ሞቱ። አብዛኞቹ ይሞታሉ።»

ደግ ቃል አታውቅም ይቺ ሴትዮ። ዋስትና አለ ወይ አልኳት፣ የለም አለች። ቁራጩ ተመልሶ የሚተከልላቸው፣ ወልደው የሚስሙ ሴቶች አሉ። የኔ በሽታ ግን ቁራጩ ውስጥ ተደብቆ ሊገኝ ስለሚችል መልሶ መትከል ያስፈራል። ስለዚህ እንቁላሏን ለብቻዋ እዚህ ሳህን ላይ ማሳደግ መቻል አለባቸው። በአይጥ ተሳክቷል፣ በላም እየታገለች ነው፣ በሰው ገና።

«ገና እስከ መቼ?»

«አላውቅም። በረዶ አይቸኩልም።»

ከዚያ ሳህኑን መለሰች፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ፦ «ሠላሳ ዓመት የሚሞላት ሴትዮ አለች። አንቺው ነሽ፣ ግን አታውቂያትም። እሷ እንድትወስን ነው የሚቀመጠው። አንቺ አሁን እምቢ ካልሽላት... እሷን ማን ጠየቃት?»

ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ልጅቷ ውጪ ትቆይ... እኔም ያችን ሴትዮ ውጪ አግዳሚ ወንበር ላይ ላስቀምጣት ነበር። ሳላስፈቅድ። ተቆጣጣሪ ሆንኩባት ማለት አይደለም?

ከስድብ ሁሉ ይሄኛው ነው የከነከነኝ። ተመልሼ በሩን ከፈትኩ።

«እሺ።»

«ሐሙስ ነይ፣ ትፈርሚያለሽ። ጫማ!»


ረቡዕ፣ የካቲት 19

ለተቆጣጣሪው አልነገርኩትም። ለእማዬ ግን ነገርኳት፣ ድንች ስትልጥ። ቢላዋዋ ቆመ። «ባለቤት ማለት... አንቺ?» ሦስት ጊዜ ጠየቀችኝ። «ሆድሽ ላይ ጠባሳ ይቀራል?» ትንሽ አልኳት። «ያማል?» ትንሽ አልኳት። «ጋሼ ምን ይላል?»

ድንቹን ነጥቄ ራሴ ላጥኩት። ሁልጊዜ ጋሼ። አንዳንዴ የእናቴ ልጅ ሳይሆን የጋሼ እህት ልጅ ብቻ የሆንኩ ይመስለኛል።


ሐሙስ፣ የካቲት 20

ጠላቴን እንኳ ቢሆን ይሄ ትርኢት አይለፈው።

የላብራቶሪው በር ላይ። እኔና እማዬ ቀድመን ደረስን። ከኮሪደሩ ጫፍ ተቆጣጣሪው፣ በክራባት። ቀኑን ብቻ ከእማዬ አፍ አውጥቷል። ጎኑ መለዋወጫ፣ ትከሻው ሁለት ሰው በሚያስገባ የውሰት ኮት። ሾፌር አባቱ እንዳስገደደው ፊቱ ይናገራል።

ወይዘሮ በረዶ ወጣች። «የናሙናው ባለቤት?»

ተቆጣጣሪው ልጁን ወደ ፊት ገፋው። «ይኸው ባለቤቷ!»

ከእግር እስከ ራስ አየችው። «ኦቫሪ አለህ?»

መለዋወጫ ሳል ይዞት ነበር። በደንብ አልሰማም መሰለኝ። ኪሱን ዳሰሰ፣ እውነት እውነት ዳሰሰ! «አሁን አልያዝኩም... ሱቅ ልይ። የስንት ሞዴል ነው?»

ወይዘሮ በረዶ ሳቀች። ምስክር ነኝ። ቀልጣለች።

«ባለቤቷ እኔ ነኝ» አልኩና እስክሪብቶውን ተቀበልኩ።

«አንቺ?» ተቆጣጣሪው። «ልጅቷ ዕድሜዋ አልደረሰም!»

«አሥራ ስምንት ነች» አለች ወይዘሮ በረዶ።

«እኔ ነኝ ኃላፊዋ! የት ነው የምፈርመው?»

«እርስዎ የሚፈርሙበት የለም።»

እንደዚያ ሲቀላ አይቼው አላውቅም። ኮሪደሩ ሙሉ ዞሮ እስኪያይ ጮኸ። አልፈቅድም! ባል ከሌላት ለምንዋ ነው? ከላም ጋር ሊቀላቅሏት ነው! እናንተ ወረፋ ላይ ያላችሁ ስሙ፣ ከላም ጋር! አንዲት ነፍሰ ጡር ወንበሯን ቀይራ ራቀች። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ... ላሟን የለቀቅኳት እኔ ነኝ። «ጋሼ፣ ላሟ ቀልድ ናት፣ እኔ ነኝ ያወራሁት» አልኩ። «አንቺ ውሸታም! ከአፍሽ እውነት ወጥቶ ያውቃል?» እስክሪብቶውን ከእጄ ነጠቀኝ።

አልመለሰልኝም። ወይዘሮ በረዶ ሰዓቷን አየች። ደጋግማ።

ያኔ እማዬ፣

«ጋሼ።»

ድምፅዋ ትንሽ ነበር። እሱ መጮኹን ቀጠለ።

«ጋሼ! ትኬት በማን እጅ ነው የሚያዘው?»

ጣቱ በልማድ ወደ ጣሪያው ተነሳ። ዕድሜ ልኩን የተናገራት ዐረፍተ ነገር... ዞራ መጥታ ኮሪደር ላይ ያዘችው። መለዋወጫ ነው የመለሰው፣ ጥያቄ መስሎት፦ «በባለቤቱ።» ለካ እሱ ቤትም ሄዶ ያወራታል!

እማዬ እስክሪብቶውን ከጣቶቹ መሀል ቀስ አድርጋ አወጣችና ሰጠችኝ። ፊርማዬ የዶሮ ጭረት መሰለ።

ተቆጣጣሪው ክራባቱን ፈቶ ኪሱ ከተተና ሄደ። ቻው የለ። ወጣ።


ዓርብ፣ የካቲት 21

ወጣልኝ። ሆዴ ላይ ሦስት ትንንሽ ቀዳዳ። ስስቅ ያማል፣ ደግነቱ የሚያስቅ የለም። ተቆጣጣሪው አልመጣም።

ወይዘሮ በረዶ ብቅ ብላ «ልጣጩ ጥሩ ነው» አለችኝ። ከሷ አፍ ይሄ የፍቅር ደብዳቤ ነው።


ረቡዕ፣ የካቲት 26

ኬሞ። አስመለሰኝ። አስመለሰኝ። እማዬ ባልዲ ይዛ... ሁሉንም ሰው እጠላለሁ። ባልዲውንም።


ዓርብ፣ መጋቢት 12

ፀጉሬ ትራስ ላይ ሲቀር ቀሪውን ራሴ ላጨሁት። መስታወት ውስጥ ተቆጣጣሪውን መሰልኩ። ያን ቤተሰባዊ ራሰ በራነት ለኔ ያወረሰኝ ይመስል።

እሱም ዛሬ መጣ። ከዚያ ወዲህ የመጀመሪያው። ሶፋው ላይ፣ ግን የኔን ቦታ ዘሎ ጫፉ ላይ ተቀመጠ። እማዬ በመሀላችን ሻይ ታመላልሳለች፣ እንደ ሁለት አገር መልእክተኛ።

ስልክ ጮኸ። እንደ ልማዱ እሱ አነሳው።

«ማን?... ባለቤቷን?»

ጠበቅኩ። ባለቤት የላትም ሊል ነው... ወይ ልጅቷ ተኝታለች... ወይ ለኔ ንገሩኝ። አንገቱ ላይ ያለችው ሥር ስትዘል አየኋት። ከዚያ ስልኩን ዘረጋልኝ፣ ወደ መስኮቱ እያየ።

«አንቺን ነው።»

ወይዘሮ በረዶ ናት። ከቁራጮቼ አንዷን ሳህን ላይ ልትሞክራት ትፈልጋለች። በሰው እስከ የት እንደሚያድግ ለማየት። ትሞታለች ወይ አልኳት። «ምናልባት። እምቢ ማለት ትችያለሽ።» ስለዚያች ሠላሳ ዓመት ስለሚሞላት ሴትዮ አሰብኩ። ብዙ ቁራጭ አላት፣ አንዷን ብበደራት አትቆጣም። ብትቆጣም እኔን ትመስላለች፣ አውቃታለሁ።

«አንዷን ውሰጂ... ይውሰዱ። ሌሎቹን እንዳይነኩ።»

«ማን ሊነካልሽ!» ዘጋችው።

ተቆጣጣሪው ስኳር የሌለውን ሻይ ያማስላል። ያማስላል።

«ምን አሉሽ?»

«ትኬት ጠየቁኝ ጋሼ።»

ማንኪያው ቆመ። «እና?»

«በእጄ ነው አልኳቸው።»

የተላጨ ራሴን አየና «ኮፍያ አድርጊ፣ ብርድ ነው» አለኝ።

አላደረግኩም።